ለሐረር የሚሆን ወር

ከጭሮ ሐረር ሩቅ ነው የሚል ሰው ካለ እኔን አያናግረኝ። ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ የተሳፈረ ሰው፣ ጎማ ካልፈነዳበት፣ ምሳውን ሐረር ይበላል። የከተማችን ሹፌሮች ሐረር ደርሰው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ሲመሽ ጭሮ ተመልሰው ልጆቻቸውን ለመቆጣት ይደርሳሉ። እኔ ግን ይህችን መንገድ ለመሄድ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በእግሬ አይደለም፤ በሚኒባስ ነው። አራቱን ዓመት የበላው መንገዱ ሳይሆን ወር መምረጡ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ እብድ ነው ትሉኛላችሁ። ከነገርኳችሁም በኋላ ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ግን ያን ጊዜ ምክንያቱን አውቃችሁ ነው።

አማቴ ጋሽ ሽፈራው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አሰቦት አስተምረዋል፣ ቦኬ አስተምረዋል፣ መሰላ አስተምረዋል፤ በመጨረሻም ጭሮ መጥተው እኔን አስተምረዋል። የሚያስተምሩት ኅብረተሰብ ነበር። መጽሐፉ ስንት ምዕራፍ ቢኖረውም እሳቸው ከልባቸው የሚያስተምሩት አንዱን ነው፤ ሐረርን። ጠመኔ ይዘው የጀጎልን ግንብ ሰሌዳው ላይ መሳል ሲጀምሩ የክፍሉ ረባሽ ሁሉ ጸጥ ይላል። ግንቡን ዙሪያውን ያዞሩታል፣ አምስቱን በሮች ያወጡለታል፣ የየበሩን ስም ይጽፋሉ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን እያራገፉ «እኔ በወጣትነቴ በሸዋ በር ስገባ» ይላሉ። በሸዋ በር ገብተው፣ በጠባቡ መንገድ ወርደው፣ ምሽት ላይ ለጅብ በእንጨት ሥጋ አጉርሰዋል። ጅቡ ሥጋውን ሲቀበል እጃቸው ላይ የተሰማቸውን ትንፋሽ ሳይቀር ይነግሩናል። በዚህ ወሬ ያላደገ የጭሮ ልጅ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ፈተና ላይ «የጀጎል ግንብ ስንት በሮች አሉት?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ሹፌር የሆነውን አጎቴን ጠይቄው «ስድስት» ብሎኝ ስለ ነበር «ስድስት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሽፈራው ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉበት። አጎቴ ነው ያለኝ ብዬ ስከራከር ጆሮዬን ይዘው ወደ ክፍሉ ዞሩና «ያየሁት እኔ፣ የሚቆጥርልኝ እሱ» አሉ። በዚያች አንድ ማርክ ምክንያት ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። በግማሽ ማርክ በልጣኝ አንደኛ የወጣችው የገዛ ልጃቸው ሰናይት ናት። ኋላ አገባኋት። በቂም አይደለም፣ ወድጃት ነው፤ ግን በተጣላን ቁጥር እስከ ዛሬ ደረጃ ታነሳብኛለች።

ከአራት ዓመት በፊት ጋሽ ሽፈራውን ዓይናቸውን አመማቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን አላውቅም አለ። ሕመሙ እይታቸውን ከዳር ጀምሮ እያጠፋ ወደ መሐል የሚገባ ዓይነት ነው። ሰናይት ቤት እስክንደርስ በግድ ይዛው የነበረውን ዕንባ ወጥ ቤት ገብታ ለቀቀችው። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ግን ትእዛዝ ይዛ ነበር። «አባዬ ዓይኑ ሳይጠፋ ሐረርን አንዴ ደግሞ ማየት አለበት፤ አንተ ትወስደዋለህ» አለችኝ።

ትእዛዙ ቀላል ነበር፤ ያከበድኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ እየደከመ ያለ ሽማግሌ ይዞ ታሪካዊ ከተማ የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ አይነሳም፣ ጥሩውን ወቅት አጥንቶ ነው የሚሄደው ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩበትን ቀን ዛሬም እረግመዋለሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ሥራ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የምስክር ወረቀት ላሚኔት አደርጋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ችግር ሲገጥመው ሠንጠረዥ ያወጣል፤ እኔም አወጣሁ። ዝናቡን በሰማያዊ፣ በዓሉን በቀይ፣ ጾሙን በቡናማ፣ ለጉዞ የሚመቸውን በአረንጓዴ አደረግሁ። አሥራ ሦስቱም ወሮች አምረው ወጡ። በጣም ስላማሩ ላሚኔት አደረግኋቸውና ለጎረቤቴ ለሐጂ ኸይሩ አሳየሁ። ሐጂ ከስልጤ መጥተው ጭሮ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ የሚመረምሩትን ያህል ሠንጠረዤን ገለባብጠው መረመሩት።

«ረመዷን የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ይሄ የዘንድሮው ነው። ለከርሞ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። አንተ እኮ በላስቲክ ዘጋህበት» አሉኝ። በረመዷን ደግሞ መሄድ እንደማይሆን አስረዱኝ። ጀጎል ውስጥ የምትኖር እህት አለቻቸው፤ ካልተቀበለቻችሁ እቀየማለሁ ብለው አስቀድመው ተናግረዋል። ታዲያ እህታቸው ጾም ውላ ለእኛ ምሳ ስትሠራ ማየት ደስ ይለኝ እንደሆን ጠየቁኝ። ደስ አይለኝም አልኩ። ያ ላሚኔት የሆነ ሠንጠረዥ ቤት ገባ፤ ሰናይት ሽንኩርት ትከትፍበታለች።

ሁለተኛውን በተራ ወረቀት አትሜ የሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩም፣ እግዜር ይይልኝ፣ «አስተያየት ያለው ይጻፍ» ብዬ ጨመርኩ። ጭሮ ውስጥ፣ መናኸሪያ በር ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር መለጠፍ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

መስከረም ላይ አንዱ «መኪናው ሁሉ ለመስቀል ወደ ጉራጌ ነው የሚሄደው» ብሎ ጻፈበት። ጥቅምት አረንጓዴ ነበር። ማመልከቻ ሊያጽፉ ከመሰላ የመጡ አንድ ገበሬ ሣጥኑን ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ሲረዱት አዘኑብኝ። በጥቅምት ማሽላውን ለወፍ ትቶ ሽርሽር የሚሄድ ሰው አላየሁም አሉ። ማሽላ የለኝም ብላቸው «ጎረቤትህ አለው» አሉና ይህንኑ በስማቸው አጻፉኝ። ጥርን የሰረዘችው ሰናይት ናት፤ ከጥምቀት እስከ ጾም መያዣ ያሉብንን ሠርጎች በየቅዳሜው ደረደረችልኝ። የካቲትና መጋቢት ሁዳዴ ነው። ሐረር ድረስ ተሂዶ ሽሮ የሚበላ ከሆነ ሽሮው እዚሁም አለ አለች። ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በአንድ መስመር የሰረዛቸው ኢብሳ ነው። ኢብሳ የቦኬ ልጅ ነው፤ ጭሮና ሐረር መካከል ሚኒባስ ይነዳል። «ማሎ፣ ኦቦሌሳ፣ እባክህ ወንድሜ» አለኝ እየለመነኝ፣ «ጨለንቆ ላይ ጉም ሲወርድ መሪ ላይ ያለውን የራሴን እጅ አላይም። ሽማግሌ ይዘህ አትምጣብኝ።»

ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ወር ይዤ ደግሞ ወደ ጋሽ ሽፈራው እሄዳለሁ። እዚያም አይተርፍም። ኅዳር ስላቸው ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ዓይኔን ይለበልበዋል አሉ። ግንቦት ስላቸው የግንቦት ፀሐይ ለታመመ ዓይን አይሆንም አሉ። ሚያዝያ ስላቸው ጥቂት አሰቡና «ሐረር በሚያዝያ ደስ አትልም፤ እኔ አውቃታለሁ» አሉ። ያላየሁትን ከተማ አይቻለሁ ከሚል ሰው ጋር በምን አፌ ልከራከር? ዝም ብዬ ሰረዝኩ።

አንድ ጊዜ ግን ሄደናል፤ ማለት ተነሥተናል። ሁለተኛው ዓመት ላይ በታኅሣሥ ነበር። የቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ እኔ ብልጡ በአሥራ ስምንት ብንነሣ ሕዝቡ ሳይመጣ እናልፋለን ብዬ አሰላሁ። ሕዝቡም ሁሉ እንደኔ አስልቶ በአሥራ ስምንት ወጥቷል። ቁልቢ አቀበት ሥር መኪናችን ቆመች፤ ከፊቷ መኪና፣ ከኋላዋ መኪና፣ በግራና በቀኝ ስለት ይዞ የሚሄድ ሰው። ከዚያ ሐረር ለመድረስ የሚቀረው ጥቂት ነው። ተቀምጠን አደርን፣ አነገሥን፣ ሰናይት ጧፍ አበራች፣ እኔ ጉንፋን ያዘኝ፤ በሃያ ወደ ጭሮ ተመለስን። ሁላችንም ተናደናል። ጋሽ ሽፈራው ብቻ ፊታቸው ፈክቶ «ገብርኤል አልፈቀደም፣ ምን ይደረጋል» ይሉ ነበር። ፊታቸው መፍካቱን ያን ጊዜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ሁለት ዓመት በተረፈኝ።

በዚህ ዓይነት አራተኛው ዓመት ገባ። አንድ ቀን ጋሽ ሽፈራው ሱቄ ሲመጡ ከተከፈተው በር ጠርዝ ጋር በግንባራቸው ተጋጩ። ወንበር ሰጥቻቸው ሻይ ሳቀርብላቸው ብርጭቆውን በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ ፈለጉት። ከፊታቸው ነበር። እኔ ወር ስመርጥ የእኚህ ሰው ዓይን እየጠበበ ነው የከረመው። በዚያች ቅጽበት ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ከሄዱ በኋላ በሩ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ፊት ቆሜ ያልተሰረዘ ሣጥን ፈለግሁ። አንድ ነበር፤ ጳጉሜ። ሰው ምንም ያልጻፈበት ጥሩ ወር ስለ ሆነ አይደለም። አምስት ቀን ብቻ ስለ ሆነች ሣጥኗን ቀጭን አድርጌ ስለ ሠራኋት ለእስክሪብቶ አልበቃችም ነበር።

ማታ ቤት ስናገረው ጋሽ ሽፈራው «ጳጉሜ ወር አይደለም» አሉ። ቀን ግን ነው አልኩ። ዝናቡስ አሉ። ጉሙስ አሉ። ሰናይት እስኪጨርሱ ጠበቀችና «አባዬ፣ ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው» አለች። «የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ጠበል ነው። ለዓይን ደግሞ ከሩፋኤል በላይ ማን አለህ?» ሰንበቴ የሚጠጣ ሰው ሩፋኤልን ምን ብሎ እምቢ ይላል?

በጳጉሜ ሦስት ጠዋት ኢብሳ ሚኒባሱን አስነሥቶ «ጋሼ፣ አንተ ጋቢና ና፣ እዚህ ጎኔ ተቀመጥ» አላቸው። ኢብሳ አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ አክብሮቱ ግን ደግፎ ሲያስገባቸውና ቀበቶውን ሲያስርላቸው ይታያል። እኔና ሰናይት ከኋላቸው ተቀመጥን። ዝናቡ ከጭሮ ጀምሮ አልተለየንም። ጋሽ ሽፈራው መንገዱን ሙሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ጨብጠው ያዙ። ቁልቢ ላይ ሲሳለሙ ከንፈራቸው ብዙ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ኢብሳን ዛሬ መንገድ አይዘጋም ወይ ብለው ጠየቁት። ክፍት ነው አላቸው። ተነፈሱ፤ የደስታ ትንፋሽ ግን አይደለም።

ሐረር መናኸሪያ ተሳፋሪው ወረደ። ኢብሳ ሽማግሌ በዝናብ አይሄድም፣ እስከ ውስጥ ላድርሳችሁ ብሎ ነዳ። መኪናና ባጃጅ የሚተላለፍበት ሰፊ በር ፊት ለፊት ስንደርስ ጋሽ ሽፈራው አንገታቸውን አዘንብለው፣ በዚያች በቀረቻቸው የመሐል እይታ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«በር ነው» አለ ኢብሳ።

«የቱ በር?»

«የመኪና በር ነዋ።»

«በሩ አምስት ነው» አሉ ጋሽ ሽፈራው። እንደ ድሮው፣ ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ፣ ቀስ እያሉ ጠሯቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሱቁጣት በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር።

ኢብሳ እሳቸው ሲጠሩ በጣቱ ሲቆጥር ነበር። «ኤዬ፣ ጥንት የነበሩት እነዚያ ናቸው። ይሄ ስድስተኛ ነው። መኪና ሲመጣ ነው የተከፈተው፤ እሱም ቆይቷል፣ አባቴ ሳይወለድ ነው» አለ። ከዚያ ያለ ምንም ክፋት ዞር ብሎ ጠየቃቸው። «ሐረር መጥቶ ይሄን በር ያላየ ሰው የለም። አንተ ያኔ ስትመጣ በየት ዞርክ?»

ልዋሽ አልችልም፤ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ደስ አለኝ። ሰባተኛ ክፍል የተያዘው ጆሮዬ ሞቀኝ፤ አጎቴን ከመቃብሩ ጠርቼ ባሳየሁት አልኩ። ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ የጋሽ ሽፈራውን ፊት አየሁትና ደስታዬ ሟሟ። ሰናይት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዝናቡን ታያለች።

«አልመጣሁም» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «መጥቼ አላውቅም።»

እሳቸው ባርኔጣቸውን እያዞሩ ቀጠሉ። «አሰቦት ሳስተምር አንዲት ልጅ አይተውታል ወይ አለችኝ። አላየሁም ማለት አፈርኩ። መጪው ዕረፍት ላይ ሄጄ አየዋለሁ፣ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል ብዬ አዎ አልኳት። ክረምት ሲሆን ዝናብ ነው አልኩ። በጋ ሲሆን ትምህርት ነው አልኩ። እናንተ ስትወለዱ ደግሞ ልጆቹ ይደጉ አልኩ። እኔም እንዳንተ ወር ስመርጥ ነው የቀረሁት፣ ልጄ።»

«ጅቡስ?» አልኩ። ምን ላድርግ፣ አፌ አይታዘዘኝም። ሰናይት በክርኗ ጎኔን መታችኝ።

«ጅቡን ከሰው ሰምቼ ነው» አሉ።

ከዚያ ኢብሳን ወደ ሸዋ በር ውሰደኝ አሉት። እዚያ ሲደርሱ አውርዱኝ፣ በእግሬ ነው የምገባው አሉ። ጥላውን ልዘረጋ ስል ሰናይት ነጠቀችኝ፤ በሩፋኤል ዝናብ ጥላ የሚይዝ ሰው ለምን ጠበል ቦታ ይሄዳል ብላ ኢብሳ መኪና ውስጥ ወረወረችው። በሸዋ በር ገባን። እዚያ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ግን አምስቱንም ካልቆጠርኩ አልመለስም አሉ። ስለዚህ በሩፋኤል ዕለት፣ በሚወርደው ሁሉ ዝናብ ሥር፣ ግንቡን ይዘን ዞርን። እኔ ቀኝ ክንዳቸውን፣ ሰናይት ግራውን። ለጉዞው ብዬ የገዛሁት ጫማ ሱቁጣት በር ላይ አፉን ከፈተ፤ ኤረር በር ላይ ሶሉ ተለየኝ። ኢብሳ መንገድ ባገኘበት ሁሉ ከኋላችን እየተከተለ ጥሩምባ ይነፋል። ከታዛ ሥር የቆሙ ሰዎች ኑ ተጠለሉ ይሉናል፤ ሰናይት ጠበል ነው ትላቸዋለች፤ እነሱም ዝናብ ነው ይላሉ።

እያንዳንዱ በር ጋ ስንደርስ ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋሉ። አንገታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያዘነበሉ በሩን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ያዩታል፤ በአንዴ ሊያዩት አይችሉማ። ሲጨርሱ ስሙን ይጠሩታል። እውነቱን ልናገር፣ ሦስተኛው በር ላይ እኔ አለቀስኩ። ዝናቡ ስለ ነበር ማንም አላወቀብኝም። የመጨረሻው ሲያልቅ ወደዚያ መኪና ወደሚገባበት በር መልሱኝ አሉ፤ እዚያም እጃቸውን አሳርፈው ጮክ ብለው «ስድስት» አሉ።

የሐጂ እህት በር ላይ ሦስታችንንም አይታ «ያ አላህ» ብላ ብርድ ልብሷን ሁሉ አወጣች። ሻይ እየጠጣን ሰናይት ከመጣን አይቀር ጅቡንም እንይ ወይ አለች። ጋሽ ሽፈራው በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው ጅቡ ይቆየን፣ ለእሱ ደግሞ ጥሩ ወቅት እንመርጥለታለን አሉ። ሻዩ ትን አለኝ።

በማግስቱ ጭሮ ስንመለስ ሐጂ ኸይሩ ሱቄ በር ላይ ጠበቁን። ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ ሁለቱም የጋሽ ሽፈራው ተማሪዎች። ሐጂ ከሰላምታ በኋላ «እንዴት ነው ጋሼ፣ ሐረር ተለውጣ አገኟት ወይስ እንደ ድሮዋ ናት?» አሉ። እኔ ልዋሽላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ክንዴን ጫን አሉት።

«ድሮዋን አላውቃትም፣ ሐጂ» አሉ። «ትናንት ነው መጀመሪያ ያየኋት።»

ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ። ሐጂ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ዓይንዎ ሳለ አዩአት» ብለው ወንበር ሳቡላቸው። ጋሽ ሽፈራው ግን አልተቀመጡም። ቀይ እስክሪብቶ አለህ ወይ አሉኝ። ሰጠኋቸው። በሩ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ በመዳፋቸው ዳብሰው የመጨረሻዋን ቀጭን ሣጥን አገኙና ጎንበስ ብለው «ስድስት» ብለው ጻፉ። ጽሑፉ ከጳጉሜ አልፎ ነሐሴ ውስጥ ገባ። አጠገቡ ትልቅ ራይት አደረጉበት፣ ፈረሙበት።

«በስንት ነበር ሰናይት የበለጠችህ?» አሉኝ።

«ግማሽ ማርክ» አልኩ።

«እንግዲያው አንደኛ ነህ» አሉና እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

ወረቀቱን ከበሩ አንሥቼ፣ በዚህኛው እንኳ የሚለወጥ ነገር የለም ብዬ፣ ላሚኔት አድርጌ ወደ ቤት በረርኩ። ሰናይት ወጥ ቤት ናት። ፊት ለፊቷ ዘረጋሁላት። የአባቷን ጽሑፍ ከጳጉሜ እስከ ነሐሴ አየችው፣ ፊርማውን በጣቷ ነካችው፣ ዓይኗ ሞላ። ከዚያ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና የድሮው ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ሽንኩርት መክተፍ ቀጠለች።

«ካርድ ከተሰጠ በኋላ ደረጃ አይነካም» አለችኝ።